የትሉን መንገድ የተከተሉ ሊቅ፦ የፕሮፌሰር ሩዶልፍ ሎይካርት ሕይወትና ሥራ

በቄራ የታረደ በሬ ሥጋ ወደ ሥጋ ቤት ከመላኩ በፊት የሥጋ መርማሪው ምላሱን፣ ልቡን፣ የመንጋጋውንና የትከሻውን ሥጋ በቢላዋ እየሰነጠቀ ይመለከታል። የሚፈልገው ከአተር ፍሬ የማይበልጥ፣ ውኃ የቋጠረ ነጭ ከረጢት ነው። ከረጢቱ የኮሶ ትል እጭ መኖሪያ ነው። ሥጋ የሚገዛው ዜጋ ይህን ምርመራ በዓይኑ አያየውም፤ የሚያየው ሥጋው ላይ ያረፈውን ማኅተም ብቻ ነው። ከረጢቱ ወደ በሬው ሥጋ እንዴት እንደገባ በሙከራ ያረጋገጡት፣ ከዛሬ አንድ መቶ ስድሳ ዓመታት በፊት የኖሩት ጀርመናዊው የሥነ እንስሳት ሊቅ ፕሮፌሰር ሩዶልፍ ሎይካርት ናቸው። በቤት እንስሳት፣ በዱር አራዊትና በሰው አካል ውስጥ የሚኖሩ ጥገኛ ትሎችን የሚያጠናው የሳይንስ ዘርፍ መሠረት ከጣሉት ሊቃውንት መካከልም አንዱ ሆነው ይቆጠራሉ። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልደትና ትምህርት

ሩዶልፍ ሎይካርት ጥቅምት 7 ቀን 1822 በሰሜን ጀርመን በምትገኘው የሄልምሽቴት ከተማ ተወለዱ። አጎታቸው የሥነ እንስሳት ፕሮፌሰር ስለነበሩ ገና በልጅነታቸው ከዚህ ሙያ ጋር የመተዋወቅ ዕድል አግኝተዋል። በ1842 ወደ ጎቲንገን ዩኒቨርሲቲ ገብተው ሕክምና ተማሩ። በዚያ ያስተማሯቸው ስመ ጥሩው ሐኪምና የሥነ እንስሳት ሊቅ ሩዶልፍ ቫግነር ሲሆኑ፣ መምህሩ የተማሪያቸውን ትጋት ተመልክተው ረዳታቸው አደረጓቸው። ቫግነር በሕመም ምክንያት ማስተማር ሲያቅታቸውም ትምህርቱን እንዲቀጥሉላቸው የመረጡት ወጣቱን ሎይካርትን ነበር።

ሎይካርት የዶክትሬት ዲግሪያቸውን በ1845 ካገኙ በኋላ በሰሜን ባሕር ዳርቻ አከርካሪ የሌላቸውን የባሕር እንስሳት አጠኑ። ከዚህ ጥናት ተነሥተው በ1848 ያሳተሙት መጽሐፍ፣ ቀደም ሲል በአንድ ምድብ ተጨፍልቀው ይታዩ የነበሩትን ሁለት ታላላቅ የባሕር እንስሳት ወገኖች ለያይቶ አሳየ። በዚያን ጊዜ ዕድሜያቸው ሃያ ስድስት ዓመት ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1850፣ የጊሰን ዩኒቨርሲቲ በመምህርነት ተቀበላቸው። በ1855 ደግሞ ሙሉ ፕሮፌሰር ሆኑ።

ዘመኑ ያልመለሰው ጥያቄ

ሎይካርት ሥራቸውን በጀመሩበት ዘመን ትል ከየት ይመጣል ለሚለው ጥያቄ የተስማማ መልስ አልነበረም። በበግ ጉበት፣ በአሳማ ሥጋ ወይም በሰው አንጀት ውስጥ የሚገኝ ትል ከታመመው አካል ራሱ ይፈጠራል ብለው የሚያምኑ ሊቃውንት ብዙዎች ነበሩ። ይህ እምነት ከክርክር አልፎ በሰውና በእንስሳት ጤና ላይ ጉዳት ያደርስ ነበር። ትሉ ከበሽተኛው አካል የሚፈልቅ ከሆነ በሽታውን ለመከላከል የሚቻልበት መንገድ አይኖርም። ገበሬ በጎቹን ከማጣት፣ ቤተሰብም ከመታመም ለመዳን ምንም ሊያደርግ አይችልም ማለት ነው።

በ1850ዎቹ መጀመሪያ ፍሪድሪኽ ኩሽንማይስተር የተባሉ ጀርመናዊ ሐኪም በእንስሳት ሥጋ ውስጥ የሚገኙትን ከረጢቶች ውሾች እንዲበሉ በማድረግ፣ ከረጢቶቹ በውሾቹ አንጀት ውስጥ ወደ ረጅም የኮሶ ዓይነት ትል እንደሚለወጡ አሳዩ። በዚህም ከረጢቱና ረጅሙ ትል ሁለት የተለያዩ ፍጡራን ሳይሆኑ የአንድ ፍጡር ሁለት የዕድሜ ደረጃዎች መሆናቸው ታወቀ። ሎይካርት ጉዳዩን በተቃራኒው አቅጣጫ መረመሩት። የድመትን ትል ቁርጥራጮች ለአይጦች በመመገብ በአይጦቹ ጉበት ውስጥ ከረጢቱ ደረጃ በደረጃ ሲያድግ ተከታተሉ፤ ውጤቱንም በ1856 በመጽሐፍ አወጡ። ድመት አይጥ ስትበላ ትሉ ወደ ድመት ይገባል፤ አይጥ የድመት ዓይነ ምድር የነካውን ምግብ ስትበላ ደግሞ ትሉ ወደ አይጥ ይመለሳል። ትሉ ከአንድ አካል ወደ ሌላ አካል የሚጓዝበት የታወቀ መንገድ አለው።

ቀጥለውም በውሻና በሌሎች የውሻ ወገን አራዊት አፍንጫ ውስጥ የሚኖረውን፣ ቅርጹ ምላስ የሚመስለውን ጥገኛ ተውሳክ አጠኑ። እጩ በጥንቸል፣ በበግና በፍየል የውስጥ አካላት ውስጥ እንደሚገኝ፣ ውሻ ያንን አካል ሲበላም ተውሳኩ በአፍንጫው ውስጥ ለአካለ መጠን እንደሚደርስ በሙከራ አረጋገጡ። ጥናቱ በ1860 ታተመ። የቤት እንስሳትና የዱር አራዊት በአንድ የበሽታ መንገድ ላይ እንደሚገናኙ ከዚህ ሥራ ግልጽ ሆነ።

ስሕተትና እርማት

የሎይካርት ሕይወት ስሕተት የሌለበት አልነበረም። በአሳማ ሥጋ ውስጥ ተጠቅልሎ የሚገኝ ትሪኪና የተባለ እጅግ ደቃቅ ትል በእንግሊዝ አገር ከታየበት ከ1835 ጀምሮ ትርጉሙ ሳይታወቅ ቆይቶ ነበር። ሎይካርት ትሪኪና ያለበትን ሥጋ ለአሳማ መግበው አንጀቱን ሲመረምሩ ቅርጹ ጅራፍ የሚመስል ሌላ ትል አገኙ፤ ትሪኪና ሲያድግ ይህን ትል ይሆናል ብለውም በ1859 አስታወቁ። ድምዳሜው የተሳሳተ ነበር። የጅራፍ ትሎቹ ቀድሞውንም በአሳማው አንጀት ውስጥ የነበሩ ናቸው።

በ1860 መጀመሪያ በድሬስደን ከተማ አንዲት ወጣት የቤት ሠራተኛ ሞተች። ሐኪሞች ሕመሟን ታይፎይድ ብለውት ነበር። አስከሬኑን የመረመሩት ፍሪድሪኽ ዜንከር ግን ጡንቻዋ በትሪኪና እጮች ተሞልቶ አገኙት። ወጣቷ ትሠራበት በነበረው ቤት ለገና በዓል አሳማ ታርዶ ነበር፤ ከዚያው አሳማ በተዘጋጀው ሥጋ ውስጥም ተመሳሳይ እጮች ተገኙ። ዜንከር ከአስከሬኑ የተወሰደውን ናሙና በበርሊን ለሚገኙት ለሩዶልፍ ፊርኾና በጊሰን ለሚገኙት ለሎይካርት ላኩላቸው።

ሎይካርት ሙከራቸውን እንደገና ጀመሩ። የተመገበው እጭ በአንጀት ውስጥ በጥቂት ቀናት አድጎ ከአራት ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ትል እንደሚሆን፣ እንስቷ እንቁላል ሳትጥል ሕያው እጮችን እንደምትወልድ፣ እጮቹም ከአንጀት ተነሥተው በመላ አካሉ ጡንቻዎች ውስጥ እንደሚሰፍሩ አዩ። በዚያው ዓመት ባሳተሙት ጥናት የቀድሞ አስተያየታቸውን ትተው ትክክለኛውን የትሪኪና ታሪክ አስቀመጡ። ለግኝቱ ቀዳሚነት በእርሳቸውና በፊርኾ መካከል ክርክር ተነሥቶ የነበረ ቢሆንም፣ የሁለቱም ሥራ ወደ አንድ መደምደሚያ ያደርስ ነበር። በሽታው የሚመጣው በደንብ ካልበሰለ ሥጋ ነው፤ ሥጋውን በማይክሮስኮፕ መመርመርም ሆነ በደንብ ማብሰል ይከላከለዋል።

ማስጠንቀቂያው ወዲያው ተቀባይነት አላገኘም። በማይክሮስኮፕ ካልሆነ የማይታይ ትል ሰው ይገድላል መባሉን የተጠራጠሩ ሥጋ ነጋዴዎችና ሐኪሞች ነበሩ። በ1865 በፕሩሲያ ግዛት በምትገኘው የሄደርስሌበን መንደር ጥሬ የተፈጨ የአሳማ ሥጋ ከበሉ ነዋሪዎች 337 ሰዎች ታመሙ፤ ከእነርሱም 101 ሞቱ። ከዚህ አደጋ በኋላ ባሉት ዓመታት የጀርመን ከተሞች፣ ቀጥሎም የፕሩሲያ መንግሥት፣ የአሳማ ሥጋ ለገበያ ከመቅረቡ በፊት በማይክሮስኮፕ እንዲመረመር ግዴታ ጣሉ። ትሪኪና ከእርባታ አሳማ ሌላ በዱር አሳማ፣ በድብና በቀበሮ ውስጥም ስለሚኖር የአደን ሥጋም ከጥንቃቄው ውጭ ሊሆን አልቻለም።

የጊሰኑ ጥጃና የኮሶ ትል

ለኢትዮጵያውያን አንባቢዎች ይበልጥ የሚቀርበው ሥራቸው በ1861 በጊሰን የተከናወነው ሙከራ ነው። በሰው አንጀት ውስጥ የሚኖሩት የኮሶ ትሎች ሁለት ዓይነት መሆናቸው በዚያን ጊዜ እየታወቀ መጥቶ ነበር። አንደኛው ራሱ ላይ መንጠቆዎች ያሉት ሲሆን ከአሳማ ሥጋ እንደሚመጣ ተረጋግጧል። መንጠቆ የሌለው ሁለተኛው ዓይነት ግን ከየት እንደሚመጣ በሙከራ አልታየም ነበር። ሎይካርት ከሰው የወጡ የሁለተኛውን ዓይነት ቁርጥራጮች ለጥጃ መገቡ። ጥጃው ታመመ፤ ሞተም። ጡንቻው ሲከፈት በእጭ ከረጢቶች ተሞልቶ ነበር። መንጠቆ የሌለው ኮሶ የሚመጣው ከከብት ሥጋ መሆኑ፣ ከብትም በሽታውን የሚያገኘው ከሰው ዓይነ ምድር መሆኑ በዚህ ተረጋገጠ።

በአገራችን በስፋት የሚገኘው የኮሶ ትል ይኸው ነው። ኢትዮጵያውያን ከጥንት ጀምሮ የኮሶ ዛፍን አበባ እየፈጩ በመጠጣት ትሉን ሲያስወጡ ኖረዋል። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ይህን ልማድ መዝግቧል፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመንም የኮሶ አበባ በአውሮፓ መድኃኒት ቤቶች ይሸጥ ነበር። ኢትዮጵያ ትሉን የሚያስወጣ መድኃኒት ለዓለም ባበረከተችበት በዚያው ክፍለ ዘመን፣ የጊሰኑ ሙከራ መድኃኒቱ ብቻውን ለምን እንደማይበቃ አስረዳ። የኮሶ መድኃኒት ትሉን ከሰው አንጀት ያስወጣል፤ ትሉ የመጣበትን መንገድ ግን አይዘጋም። ከትሉ የሚለየው አንድ ቁራጭ በአሥር ሺሕዎች የሚቆጠሩ እንቁላሎችን ይይዛል። ቁራጩ ሜዳ ላይ ከወደቀ እንቁላሎቹ በሣሩ ላይ ለወራት ሊቆዩ ይችላሉ። ከብት ሣሩን ሲግጥ እንቁላሉ ወደ ሥጋው ይገባል፤ ሰው ሥጋውን በጥሬው ሲበላ ትሉ ወደ ሰው ይመለሳል። ሰውየው እንደገና መድኃኒት ይጠጣል፤ ነገሩም ከመነሻው ይጀምራል።

ሎይካርት በጊሰን ሳሉ የውሻን ትል እንቁላል ለአሳማዎች በመመገብ በጉበት ላይ የሚወጣውን በውኃ የተሞላ እባጭ ዕድገትም ተከታትለዋል። ይህ እባጭ በበግ፣ በፍየልና በከብት፣ አልፎ አልፎም በሰው ላይ ይከሰታል። መንገዱም እንደ ሌሎቹ ግልጽ ነው። እባጭ ያለበት ጉበት ወይም ሳንባ ለውሻ ሲጣል ትሉ በውሻው አንጀት ያድጋል፤ ከውሻው የሚወጣው እንቁላል ደግሞ ወደ ግጦሽ፣ ወደ ውኃና ወደ ልጆች እጅ ይደርሳል።

በላይፕሲግ፦ የጉበት ትልና ቀንድ አውጣው

በ1869 ሎይካርት ወደ ላይፕሲግ ዩኒቨርሲቲ ተዛወሩ፤ ቀሪ ሕይወታቸውንም በዚያ አሳለፉ። በዚህች ከተማ ካከናወኗቸው ሥራዎች የጎላው በበጎችና በከብቶች የሐሞት ቱቦ ውስጥ ስለሚኖረው የጉበት ትል ያደረጉት ጥናት ነው። ጠፍጣፋና ቅጠል የሚመስለው ይህ ትል እንስሳውን ያከሳል፤ ደሙን ያሳንሳል፤ ከመንጋጋው ሥር እብጠት ያወጣል፤ በመጨረሻም ይገድላል። በእንግሊዝ አገር ከ1879 እስከ 1880 በነበረው ዝናባማ ወቅት በዚህ በሽታ የሞቱት በጎች ሦስት ሚሊዮን ያህል እንደሆኑ ይነገራል።

ገበሬዎች በሽታው ከረግረጋማ ግጦሽ ጋር እንደሚዛመድ ያውቁ ነበር። የትሉ እንቁላል በውኃ ውስጥ እንደሚፈለፈልም በሳይንስ ታውቋል። ከዚያ በኋላ ትሉ ወዴት እንደሚሄድ ግን አይታወቅም ነበር። ሎይካርት ከእንቁላሉ የወጡትን ዋናተኛ እጮች ከተለያዩ ቀንድ አውጣዎች ጋር አንድ ላይ አስቀመጡ። በመጀመሪያ ተስፋ የጣሉበት ዝርያ እጩን ተቀብሎ እስከ ፍጻሜው ሳያሳድገው ቀረ። ሙከራውን በመቀጠል ትክክለኛው ተሸካሚ በረግረግ ዳር በጭቃ ላይ የሚኖር ትንሽ ቀንድ አውጣ መሆኑን ደረሱበት። በዚያው ወቅት የእንግሊዝ የንጉሣዊ ግብርና ማኅበር ሥራውን የሰጣቸው ወጣቱ ተመራማሪ አልጄርኖን ቶማስ በኦክስፎርድ፣ ከሎይካርት ጋር ሳይመካከሩ፣ ወደዚያው ቀንድ አውጣ ደረሱ። የሁለቱም ውጤት ከ1881 እስከ 1883 ባሉት ዓመታት ይፋ ሆነ።

በዚህም የትሉ ጉዞ ታወቀ። ከእንቁላል የወጣው እጭ በአንድ ቀን ገደማ ውስጥ ቀንድ አውጣ ካላገኘ ይሞታል። ካገኘ ግን በቀንድ አውጣው አካል ውስጥ ይባዛል፤ ከአንድ እጭ በመቶዎች የሚቆጠሩ እጮች ይወጣሉ። እነዚህ በሣር ላይ ተጣብቀው በሽፋን ይጠቀለላሉ፤ በግ፣ ከብት ወይም በዱር የሚኖር ጥንቸልና አጋዘን ሣሩን ሲግጥ ወደ ጉበቱ ይዘልቃሉ። ብራዚላዊው ሐኪም አዶልፎ ሉትዝ በ1890ዎቹ መጀመሪያ በሃዋይ ደሴቶች የመጨረሻውን እርምጃ በሙከራ አረጋገጡ። ረግረጋማ መስክን ማንጣፈፍ ወይም እንስሳትን ከዚያ ማራቅ ለምን እንደሚጠቅም የሚያስረዳው ይኸው እውቀት ነው።

መምህሩ

ሎይካርት ከተመራማሪነታቸው ባልተናነሰ በመምህርነታቸው ይታወቁ ነበር። የሰው ልጅ ጥገኛ ተውሳኮችን በዝርዝር የያዘው ታላቅ መጽሐፋቸው ከ1863 ጀምሮ በተከታታይ ታትሟል። ከ1877 ጀምሮ ደግሞ በርቀት የተቀመጡ ተማሪዎችም አጥርተው እንዲያዩዋቸው ሆነው የተዘጋጁ ከመቶ በላይ ባለ ቀለም የግድግዳ ሥዕሎችን አሳተሙ። ሥዕሎቹ በብዙ አገሮች ትምህርት ቤቶችና ዩኒቨርሲቲዎች አገልግለዋል።

የላይፕሲግ ቤተ ሙከራቸው ከአውሮፓ፣ ከአሜሪካና ከጃፓን ተማሪዎችን ይስብ ነበር። ከእነዚህ አንዱ አሜሪካዊው ቻርልስ ዋርደል ስታይልስ ናቸው። ስታይልስ በ1890 ከላይፕሲግ በዶክትሬት ተመርቀው በአገራቸው የግብርና መሥሪያ ቤት የእንስሳት ጥገኛ ተውሳኮችን ማጥናት ጀመሩ። በ1902 የአሜሪካን መንጠቆ ትል ለይተው ገለጹ፤ በ1909 የተቋቋመውና በደቡባዊ የአሜሪካ ግዛቶች የመንጠቆ ትልን የተዋጋው ኮሚሽንም ሳይንሳዊ ጸሐፊ ሆኑ። የዚያ ዘመቻ ዋነኛ መሣሪያዎች መድኃኒትና መጸዳጃ ቤት ነበሩ።

ፕሮፌሰር ሩዶልፍ ሎይካርት የካቲት 6 ቀን 1898 በሰባ አምስት ዓመታቸው በላይፕሲግ አረፉ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1900፣ የጀርመን መንግሥት የእርድ እንስሳትና የሥጋ ምርመራን በመላ አገሪቱ የሚደነግግ ሕግ አወጣ። የጀርመን የጥገኛ ተውሳክ ጥናት ማኅበርም እስከ ዛሬ በስማቸው የተሰየመ ሜዳሊያ ይሸልማል።

ሥራቸው ለዛሬው ዜጋ

ከሎይካርት ሕይወት የሚገኘው ዋና ቁም ነገር ትል ከአካል በራሱ አይፈልቅም፣ በመንገድ ይመጣል፣ መንገዱም ሊቆረጥ ይችላል የሚለው ነው። የእንስሳት ጤና አገልግሎት ዜጎችን የሚጠይቃቸው ጥንቃቄዎች እያንዳንዳቸው ከዚህ መንገድ አንዱን ቦታ የሚቆርጡ ናቸው።

ከብትን በቄራ ማሳረድና ማኅተም ያለበትን ሥጋ መግዛት ትሉ ከከብት ወደ ሰው የሚያልፍበትን በር ይዘጋል። ሥጋን በደንብ አብስሎ መመገብ ከምርመራ ያመለጠውን እጭ ይገድላል፤ የሥጋ መርማሪ ዓይን ሁሉን ሊያይ ስለማይችል ማኅተም ያለበት ጥሬ ሥጋም ፍጹም ዋስትና የለውም። በመጸዳጃ ቤት መጠቀም፣ በተለይም የኮሶ መድኃኒት በተወሰደበት ቀን፣ እንቁላሉ ወደ ግጦሽ እንዳይደርስ ያደርጋል። በቤት ውስጥ በሚከናወን እርድ እባጭ ያለበትን ጉበትና ሳንባ ለውሻ ከመስጠት ይልቅ ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቀት መቅበር ወይም ማቃጠል ይገባል።

እንስሳቱ የሚከሱ፣ የሚያስቀምጣቸው ወይም ከመንጋጋቸው ሥር የሚያብጡ ከሆነ አርቢው በአቅራቢያው ወደሚገኘው የእንስሳት ጤና ክሊኒክ ወይም ኬላ ሊወስዳቸው ይገባል። የትሎች ዓይነት ልዩ ልዩ ስለሆነ ለአንዱ የሚሠራ መድኃኒት ለሌላው ላይሠራ ይችላል። መድኃኒቱን፣ መጠኑንና የሚሰጥበትን ወቅት የሚወስነው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነው። መድኃኒት የወሰደ እንስሳ ሥጋና ወተት ለምግብ የሚውለውም ባለሙያው የሚያዘው የመቆያ ጊዜ ካለፈ በኋላ ነው።

በጊሰን የሞተው ጥጃ፣ በድሬስደን ያለ ዕድሜዋ የተቀጠፈችው ወጣትና በሄደርስሌበን ያለቁት 101 ሰዎች ለዚህ እውቀት የተከፈሉ ዋጋዎች ናቸው። መርማሪው ዛሬ በበሬው ልብ ላይ ቢላዋውን የሚያሳርፈው ያ ዋጋ ዳግመኛ እንዳይከፈል ነው።